የወገባችንን ነገር እንነጋገር
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በጤና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር፣ ወላይታ ሶዶ)

 

የጤና ኮሚቴያችን በየጉባኤው አንድ ርዕስ ይዞ ይቀርባል። ከዚህ በፊት ስለ እርግዝና ክትትል፣ ስለ ልጆች ክትባትና ስለ ወባ ተነጋግረናል። ዘንድሮ የመረጥነው ወገብን፣ ጀርባንና አንገትን ነው። በየሳምንቱ ለቁጠባ ስንሰበሰብ "ወገቤን" ሳይባል የሚያልፍ ስብሰባ የለም። ቃሉ በጣም ከመለመዱ የተነሳ ሰሚ አጥቷል። "ወገቤን" ማለት "ደክሞኛል" እንደ ማለት ሆኗል። ልጅ የወለደች፣ እንሰት የፋቀች፣ ውሃ የቀዳች ሴት ሁሉ የሚደርስባት ዕጣ ነው ብለን እናልፈዋለን።

እኛ ግን ዛሬ የምንላችሁ የወገብ ሕመም የሴትነት ዕጣ አይደለም ነው። ሸክማችን በሕመሙ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው። ሸክም ደግሞ ሊቀንስ፣ ሊከፋፈል፣ በጎማ ላይ ሊጫን ይችላል። ከሸክም ጋር የማይገናኝ ከባድ በሽታም በወገብ በኩል ሊመጣ ይችላል፤ እሱን ለይቶ ማወቅ ነፍስ ያድናል። በመጨረሻም ማኅበራችን ሊወስንባቸው የሚገቡ አራት ሐሳቦች እናቀርባለን።

የምንሸከመው ስንት ነው?

እስቲ አብረን እንቁጠር። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ የምትቀዳ እናት በቀን 40 ኪሎ ትሸከማለች። በዓመት ሲታሰብ 14,600 ኪሎ፣ ማለትም 146 ኩንታል ይሆናል። ገበያ ላይ 146 ኩንታል እህል በአንድ ሰው ጀርባ ይጓጓዛል ብንባል ማናችንም አናምንም። ውሃ ስለሆነና በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚሄድ ግን ቆጥሮት የሚያውቅ የለም።

በዚህ ላይ የማገዶው አለ። ወደ ሶዶ፣ ወደ ቦዲቲ፣ ወደ አረካ ገበያ በጀርባ የሚወጣው ቦሎቄ፣ ስኳር ድንችና ቆጮ አለ። ከሸክሙ በላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕፃን ይታዘላል።

እንሰትን እንውሰድ። ጊፋታ ሲቃረብ በየጓሮው የሚሠራውን ሥራ ሁላችንም እናውቀዋለን። ግንዱ ተቆርጦ ይላጣል። ቅርፊቱ በጣውላ ላይ ተደግፎ በእግር ተይዞ ይፋቃል። አምቾው ይከተከታል። ሁሉም ተሰብስቦ ጉድጓድ ይገባል። ይህን የምትሠራ ሴት ወገቧን አጥፋ፣ ትከሻዋን ወደ ፊት ጥላ ለሰዓታት አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ትደጋግማለች። ቤተሰብ በድርቅ ዓመት ሳይራብ የሚከርመው በዚህ ሥራ ነው። ሥራውን እናከብራለን፤ ዋጋውንም መቁጠር አለብን።

ጀርባችን እንዴት ተሠርቷል?

ከአንገት እስከ ወገብ ድረስ 24 የሚንቀሳቀሱ የአከርካሪ አጥንቶች አሉን። 7ቱ በአንገት፣ 12ቱ በጀርባ፣ 5ቱ በወገብ ናቸው። ከእነሱ በታች ያሉት እርስ በርስ የተጣበቁ ናቸው። በአጥንቶቹ መካከል ሐኪሞች ዲስክ የሚሉት ለስላሳ ትራስ አለ። በአጥንቶቹ ውስጥ ከአንጎል የሚወርደው ሕብለ ሰረሰር ያልፋል፤ እጅና እግራችን የሚታዘዙት በእሱ በኩል ነው። አጥንቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የጀርባና የሆድ ጡንቻ ነው።

አልፍ ናኬምሶን የተባሉ ስዊድናዊ የአጥንት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ በፈቃደኞች ዲስክ ውስጥ ቀጭን መርፌ አስገብተው ግፊቱን ለክተዋል። ሰው ወደ ፊት አጎንብሶ ክብደት ሲይዝ በወገብ ዲስኮች ላይ ያለው ግፊት ቀጥ ብሎ ከቆመበት ጊዜ እጅግ ከፍ እንደሚል አይተዋል። ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ጀሪካን በተዘረጋ እጅ ስንይዘውና ከደረታችን አስጠግተን ስንይዘው የሚሰማን ክብደት አንድ አይደለም። ወገባችንም እንዲሁ ነው። ዕቃው ከሰውነታችን በራቀ ቁጥር ለወገብ ይከብዳል።

ስለ እኛ ዓይነት ሸክም የተደረገ ጥናት

በዓለም ላይ የወገብ ሕመም እ.ኤ.አ. በ2020 የ619 ሚሊዮን ሰዎች ችግር እንደነበረ ተገምቷል። በ2050 ቁጥሩ 843 ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ይጠበቃል። ሰውን ከሥራ በማስተጓጎልና ከአካል ጉዳት ጋር በማኖር ረገድ ከሁሉም በሽታዎች ቀዳሚው ነው፤ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል።

በአገራችንም ጥናቶች አሉ። ነርሶች፣ መምህራን፣ ሹፌሮች፣ ሸማኔዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ስለ ወገባቸው ተጠይቀዋል። እነዚህ ሰዎች የሥራ ቦታ አላቸውና አጥኚው ሄዶ ያገኛቸዋል። የእኛ የሥራ ቦታ ግን ጓሮ፣ ምንጭና መንገድ ነው። ደመወዝም የሕመም ፈቃድም የለውም። ስለዚህ ወገባችን ሲታመም የሚመዘግበው ሰው እምብዛም ነው።

ለእኛ ቅርብ የሆነ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። በደቡብ አፍሪካ፣ በጋናና በቬትናም ውሃ ስለሚሸከሙ ሰዎች የተደረገ ነው። ውሃ ተሸክመው የኖሩ ሰዎች ካልተሸከሙት ይልቅ በእጅና በላይኛው ጀርባ ላይ ሕመም እንዳለባቸው የመናገር ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። አጥኚዎቹ ውሃ መሸከም በድሃ አገሮች ለአካል ጉዳት ትልቅ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል።

ሌላው ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የሉኦና የኪኩዩ ሴቶችን ተመልክቷል። የሉኦ ሴቶች በራሳቸው ላይ፣ የኪኩዩ ሴቶች ደግሞ በግንባራቸው ላይ በሚያርፍ ማንገቻ በጀርባቸው ይሸከማሉ። የሰውነታቸውን ክብደት 20 በመቶ ያህል እስከሚደርስ ድረስ ሲሸከሙ ተጨማሪ ጉልበት አላወጡም። አጥኚዎቹ ተደነቁ። ከዚያ ሲያልፍ ግን የሚወጣው ጉልበት እየጨመረ ሄደ።

ይህን ወደ ራሳችን እናምጣው። 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 20 በመቶው 10 ኪሎ ነው። የምንሸከመው ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ እጥፍ ማለት ነው። የ12 ዓመት ልጃችን ስትሸከመውማ ምን ያህል እንደሚሆን እናንተው አስሉት። ጥናቱ የለካው ጉልበትን እንጂ ጉዳትን አይደለም፤ 10 ኪሎ ማንንም አይጎዳም ማለትም አይደለም። ነገር ግን ሰውነት የራሱ ልክ እንዳለው ያሳየናል። ጀሪካኑ የተሠራው ደግሞ በእኛ ልክ አይደለም።

ሲያመን ምን እናድርግ?

ወገባቸውን ከሚታመሙ ሰዎች ከ10 ውስጥ 9ኙ ገደማ ሕመማቸው ከአንድ የተለየ በሽታ ጋር አይያያዝም። አጥንት አልተሰበረም፣ ዕጢም የለም። አብዛኛው ድንገተኛ ሕመም በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ጥያቄው በእነዚያ ሳምንታት ምን እናድርግ ነው።

እናቶቻችን "ተኝተሽ ክረሚ" ይሉናል። እ.ኤ.አ. በ1995 በሄልሲንኪ የወጣ ጥናት ወገባቸው በድንገት የታመመ 186 የከተማ ሠራተኞችን በሦስት ከፍሎ ነበር። አንዱ ቡድን ሁለት ቀን ተኛ። ሁለተኛው የተለየ የወገብ እንቅስቃሴ ሠራ። ሦስተኛው ሕመሙ በፈቀደለት መጠን የዘወትር ኑሮውን ቀጠለ። ቶሎ የተሻለው ሦስተኛው ቡድን ነበር። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የሄልሲንኪ ሠራተኛ የዘወትር ኑሮ ከኛ ኑሮ ጋር አንድ አይደለም። ለእኛ ትርጉሙ እንዲህ ነው። አትተኙ። ተራመዱ፣ ምግብ ሥሩ፣ ቤት ውስጥ ቀላል ቀላሉን ሥሩ። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን፣ የእንሰት ፍቂያውንና የማገዶውን ጭነት ግን እስኪሻላችሁ ሌላ ሰው ይያዘው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2023 ሥር ስለ ሰደደ የወገብ ሕመም መመሪያ አውጥቷል። ስለ ሕመሙ ማስተማርን፣ የአካል እንቅስቃሴንና አንዳንድ የማስታገሻ መድኃኒቶችን ይመክራል። የወገብ ቀበቶን፣ ወገብ መጎተትንና ሞርፊን መሰል ጠንካራ ማስታገሻዎችን ግን አይመክርም። መቀነታችንን እንፍታ ማለታችን አይደለም፤ ገንዘባችንንም የምንቋጥርበት ነው። ነገር ግን ለሕክምና ተብሎ ውድ ቀበቶ ለመግዛት ዶሮ መሸጥ አያስፈልግም። እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎችንም በራሳችን ፈቃድ ለወራት መዋጥ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ነፍሰ ጡር የሆነች እህት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰዳቸው።

ስለ ኤምአርአይም አንድ ነገር እንበል። ብዙ ቤተሰብ "ዲስክሽ ተንሸራቷል" የሚል ወረቀት ለማግኘት ከብት ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 ምንም ሕመም የሌለባቸውን የ3,110 ሰዎች ምስል ያካተቱ ጥናቶች አንድ ላይ ተገምግመው ነበር። በ20 ዓመታቸው እንኳ 37 በመቶው፣ በ80 ዓመታቸው ደግሞ 96 በመቶው ዲስካቸው ያረጀ መሆኑ ታይቷል። እንደ ሽበት ማለት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ምልክቶቻችንን አይቶ ካላዘዘ በስተቀር ምስሉን በራሳችን ፍላጎት አንሩጥለት።

ዝም የማይባልባቸው ምልክቶች

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይባላል። ከሚከተሉት አንዱ ካለ ቀን ሳይሰጡ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ እግር ሲዝል ወይም ሲከዳ፣ በሁለቱ ጭኖች መካከል ሲደነዝዝ፣ ሽንት እምቢ ሲል ወይም ሽንትና ሰገራ ሲያመልጥ። ይህ በሰዓታት የሚቆጠር አስቸኳይ ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ ከወገብ ሕመሙ ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ሲኖር።

ሦስተኛ፣ ተኝተንም ተቀምጠንም ፋታ የማይሰጥ፣ ሌሊት የሚብስ ሕመም፤ ወይም በጀርባ ላይ ብቅ ያለ ጉብታ።

አራተኛ፣ ከመውደቅ ወይም ከመኪና፣ ከሞተርና ከባጃጅ አደጋ በኋላ የመጣ ሕመም።

አምስተኛ፣ ከወገብ ሕመሙ ጋር በማህፀን በኩል ወደ ታች የሚከብድ ወይም የሚወጣ ነገር ሲኖር። ይህ የማህፀን መውጣት ሊሆን ይችላል፤ ከባድ ሸክምም ያብሰዋል። ሕክምና አለው፤ ማፈር አያስፈልግም።

ሁለተኛውን በምሳሌ እናስረዳ። ስሟን ሳንጠራ እንድንናገር የፈቀደችልን አንዲት እህታችን ወገቧን ለወራት ታመመች። ማታ ማታ ያልባት ነበር፤ ነጠላዋ ይሰፋባት ጀመር። ሁላችንም የድካም ነው ብለን የምናልፈው ዓይነት ሕመም ነበር። አንድ ቀን ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ "ላቡ ከመቼ ጀምሮ ነው?" ብላ ጠየቀቻት። ጥያቄው ወደ ሆስፒታል አደረሳት። የአከርካሪ ቲቢ ነበር።

ቲቢ ሳል ብቻ ይመስለናል። አጥንት ውስጥም ይገባል፤ በአጥንት ውስጥ ደግሞ አከርካሪን ይወዳል። ካልታከመ አጥንቱን እየበላ ጀርባን ያጎብጣል፤ ሕብለ ሰረሰርን ከተጫነም እግርን ያሽመደምዳል። በአዲስ አበባ ዶክተር ሪክ ሆድስ የተባሉ ሐኪም ጀርባቸው የጎበጠ ልጆችንና ወጣቶችን ለብዙ ዓመታት ሲረዱ ቆይተዋል። ከእነሱ ውስጥ ቲቢ ያጎበጣቸው አሉ፤ ብዙዎቹም ለከባድ ቀዶ ሕክምና እስከ ጋና ተልከዋል። ቀድሞ ለተደረሰበት ሰው ግን መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ከሳንባ ቲቢ ረዘም ላለ ጊዜ ይወሰዳል፤ ሳያቋርጡ መጨረስ ግድ ነው። እህታችን ጨርሳለች። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከእኛ ጋር ተቀምጣለች።

የአንገት ነገር

አንገት ከወገብ ይልቅ ይፈራል። የአንገት አጥንት ተሰብሮ ሕብለ ሰረሰር ከተጎዳ አራቱም እጅና እግር ሊሰንፉ፣ መተንፈስም ሊያቅት ይችላል። አንድ ሰው ከዛፍ ቢወድቅ፣ በሞተር ቢገለበጥ ወይም ከነሸክሙ ገደል ቢገባ መጀመሪያ የምናደርገው ከመሬት ብድግ ማድረግ ነው። ከዚያም ውሃ እናጠጣዋለን፤ አዝለን እንሮጣለን። በአንገት ጉዳት ላይ ይህ ሊያሽመደምድ ይችላል።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። የወደቀበት ቦታ አደጋ ከሌለው አታንሱት። አንድ ሰው በራስጌ ተንበርክኮ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይያዝ፤ ወዲያ ወዲህ አይበል። ሌሎች ሦስት ወይም አራት ሰዎች በጎኑ ሆነው ልክ እንደ ግንድ፣ ራስ፣ ትከሻና ዳሌ አንድ ላይ ዞረው ጣውላ ላይ ያስተኙት። በሁለቱም በኩል የተጠቀለለ ጋቢ ወይም ልብስ ይደገፍ። አምቡላንስ ይጠራ።

ወጌሻዎቻችንን እናከብራለን፤ የወለቀ ጣት መልሰውልናል። ከአደጋ በኋላ ግን አንገትን ማሸት፣ መጎተትና መጠምዘዝ ለማንም አይፈቀድ። በከተማችን የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና የአጥንት ቀዶ ሕክምና የሚሰጠው የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል አሉ። መንገዱ ወደዚያ ነው።

ለጉባኤው የምናቀርባቸው ሐሳቦች

አንደኛ፣ የቅጣት ደንባችን ይሻሻል። በአሁኑ ደንብ ወልዳ፣ ሐዘን ደርሶባት ወይም ሆስፒታል ተኝታ የቀረች አባል አትቀጣም። ወገቧን ታማ የቀረች ግን ትቀጣለች፤ ወረቀት የላትምና። በኮሚቴው ውስጥ ስንወያይ ተቃውሞ ተነስቷል። "ወገብ አይታይም፤ ነገ ሁሉም ወገቤን ብሎ ይቀራል" ተብሏል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ ማኅበራችንን ያቆመው ሥርዓቱ ነው። ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። የታመመች አባል በዚያው ቀን በጎረቤት አባል በኩል ታስታውቅ፤ ቁጠባዋንም በእሷ በኩል ትላክ። ሁለት አባላት ሄደው ይጠይቋት፤ የዘረዘርናቸውን ምልክቶችም ይጠይቋት። አጭበርባሪ ካለች ትታወቃለች። የታመመችውም ከቅጣት ትድናለች፤ ቲቢ ያለባትም ቀድማ ትገኛለች።

ሁለተኛ፣ ደቦ ለውሃ። ለእርሻ ደቦ እንጠራለን። ለታመመች እህትም ለሁለት ሳምንት ተራ ገብተን ውሃና ማገዶ እናድርስላት። ባሎቻችንና ወንዶች ልጆቻችንም በተራው ይግቡ። ጀሪካን ሴትን ብቻ የሚያውቅ ዕቃ አይደለም።

ሦስተኛ፣ በየምንጩ የሸክም መደብ ይሠራ። ወገብ የሚጎዳው በመንገድ ላይ ብቻ አይደለም። ጀሪካኑን ከመሬት አንስተን ጀርባችን ላይ በምንጭንበት ቅጽበትም ይጎዳል። በወገብ ቁመት የተካበ የድንጋይ መደብ ቢኖር ዞር ብለን ጀርባችንን ሰጥተን እንሸከማለን። ድንጋዩ አለ፤ ጉልበቱ አለ፤ የሚፈልገው አንድ ቅዳሜ ነው። እንሰት ስንፍቅም በርጩማ እንጠቀም፣ እግር እንለዋውጥ፣ ተራ እንቀያየር።

አራተኛ፣ ብድራችን ጎማ ይግዛ። እስካሁን ለፍየልና ለንግድ ተበድረናል። ሦስት አራት ጎረቤታሞች በጋራ የእጅ ጋሪ ወይም አህያ እንዲገዙ ብድር ይፈቀድ። ለሴት ልጆቻችንም ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ይገዛ። ሁለት ጊዜ መመላለስ ይኖርበታል፤ በጎማ ከሆነ ግን ምልልሱም ይቀንሳል።

ለደጋፊዎቻችን

ለእናንተ የምንለው አጭር ነው። የወገብ ቀበቶም የማስታገሻ ካርቶንም አንጠይቃችሁም። ውሃው ወደ ቤታችን ቢቀርብ 146ቱ ኩንታል በየዓመቱ ከጀርባችን ይወርዳል። ለጋሪው ብድር መነሻ የሚሆን ገንዘብ ብትጨምሩልን እኛ እናሽከረክረዋለን። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚሠለጥኑት ዓይነት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በዓመት ጥቂት ቀን መጥቶ ቢያስተምረን በየቡድናችን እናሰራጨዋለን። በዩኒቨርሲቲዎች የምትመራመሩ ወዳጆችም ካላችሁ ኑና ጠይቁን። መልሳችንን እንመዝናለን፤ ጀሪካናችንንም በሚዛን ላይ እናስቀምጣለን።

ውድ እህቶች፣ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚለውን ብሂል ሁላችንም እናውቀዋለን። ማኅበር የቆምነው ለዚህ ነው። አሁን አራቱ ሐሳቦች አንድ በአንድ ለውይይት ይቀርባሉ። መጀመሪያ የቅጣቱን ደንብ እናንሳ፤ የምትቃወሙም ተነሥታችሁ ተናገሩ። ከዚያ እጅ ይወጣል።